እግዜር ያውቃል

ሰፈራችን ያሉት ባለሱቅ ዳዊት ደጋሚ ናቸው። ዳዊት ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍሎ ነው የሚደገመው፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30 ተብሎ ይጀመርና ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ይደርሳል። በግእዙ ቁጥር 138ኛው መዝሙር፣ ሰው ከፈጣሪው ወዴትም ሸሽቶ እንደማያመልጥ፣ ጨለማም እንደማይሸሽገው የሚናገረው፣ የሚውለው እንግዲህ ቅዳሜ ነው። የገበያ ቀን!

እሳቸው ታዲያ ማልደው ይደግማሉ፣ መጽሐፉን ተሳልመው ማኅደሩ ውስጥ ይከታሉ፣ ሱቅ ይከፍታሉ። አንድ ኪሎ ስኳር ስጠይቃቸው ሚዛኑን ፊቱን ወደ ራሳቸው አዙረው ይመዝናሉ።

«ጋሼ፣ ሞላ?»

«እግዜር ያውቃል፣ ልጄ!»

እውነታቸውን ነው። ያውቃል። የማላውቀው እኔ ነኝ።

በሁዳዴ ደግሞ አንድ ወዳጄ አለ። 55 ቀን በዛበትና በጓሮ በር ቁርጥ የምታቀርብ ቤት አግኝቷል። ከመግባቱ በፊት ግራ ቀኙን ያያል፤ የነፍስ አባቱ እንዳያዩት፣ የእድሩ ዳኛ እንዳያየው፣ የአማቱ ዘመድ እንዳታየው። ወደ ላይ ግን አያይም። ሁሉን የሚያየውን እንደ ቤት ሰው ቆጥሮታል መሰለኝ፤ የቤት ሰው ደግሞ ጉድ አያወጣም።

ነገሩ የአዳም ውርስ ነው። ዛፉን የፈጠረውን ጌታ ዛፍ ሥር ተደበቀው። ፈጣሪ «የት ነህ» ብሎ መጠየቁም ጠፍቶበት ሳይሆን ለንስሐ ሲጠራው ነው ብለው ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። እኛ ግን ከትርጓሜው ይልቅ መደበቁን ወርሰናል።

ጸሎታችንንማ ተዉት። «ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ» ብለን እንጀምርና ግማሽ ሰዓት እናስረዳዋለን። የጎረቤታችንን በደል ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ፣ ከነምስክሩ እናቀርባለን። የራሳችን ላይ ስንደርስ «በማወቅም ባለማወቅም» ብለን በአንድ ጆንያ እንቋጥረዋለን።

ስንበላ የተደበቅን ሰዎች ስንሰጥ ደግሞ ካልታየን እንታመማለን። የቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ሲሰበሰብ ማይክሮፎኑ የማንን ስም ከስንት ብር ጋር እንደጠራ ልቅም አድርገን እናውቃለን። አንድ ጊዜ 5 ሺህ ብር የሰጠ ሰው ስሙ ሳይነበብ ቀረና ኮሚቴው ዘንድ ሄደ።

«የእኔ አልተጠራም።»

«መዝገብ ላይ ሰፍሯል፣ ወንድሜ።»

«መዝገቡን ማን ያየዋል?»

ኮሚቴው ዝም አለ። ምን ይበል? በሚቀጥለው እሑድ ስሙ ሁለት ጊዜ ተጠራ፤ ሰውየውም ከዐውደ ምሕረቱ ፊት ቀና ብሎ ቆመ።

ይህን ሁሉ የምታዘበው እኔ ባለፈው ቅዳሜ ያው ሱቅ ሄጄ ነበር። ስኳር ገዛሁ፣ ሚዛኑ እንደ ልማዱ ጀርባውን ሰጠኝ። ጋሼ መልስ ሲሰጡኝ ግን ተሳስተው 50 ብር ጨመሩልኝ። ቆጥሬ ስጨርስ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው አዩኝ።

«ልክ ነው፣ ልጄ?»

«እግዜር ያውቃል፣ ጋሼ!» አልኳቸው።

50 ብሯ እስከ ዛሬ ኪሴ ውስጥ ናት።