በላስቲክ ኃይል የሚነሡ የተማሪ ሄሊኮፕተሮችን ለመደንገግ በለሚ የወጣ አዋጅ

ፈረንሳዊው አልፎንስ ፔኖ እ.ኤ.አ. በ1870 ተጠምዝዞ በሚፈታ ጎማ ብቻ ወደ ላይ የምትወጣ ትንሽ ሄሊኮፕተር ሠርቶ ያሳየ በመሆኑ፤

በዚሁ አሠራር የተሠራች መጫወቻ እ.ኤ.አ. በ1878 ከአባታቸው እጅ የተቀበሉት ዊልበርና ኦርቪል ራይት የበረራ ፍቅራቸው ከእርሷ እንደ ጀመረ ራሳቸው የመሰከሩ በመሆኑ፣ አባትየውም መጫወቻዋን የገዙት የግዥ ኮሚቴ ሳያቋቁሙ መሆኑ በዝምታ የታለፈ በመሆኑ፤

እ.ኤ.አ. በ1935 በኢትዮጵያ ተሠርታ በወረራው ወቅት ወደ ጣሊያን የተወሰደችው «ፀሐይ» አውሮፕላን ወደ አገሯ የገባችው ገና በ2016 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከእንግዲህ የሚሠራ በራሪ ሁሉ ቢቻል በተነሣበት ቀን መመለስ እንዳለበት ስለታመነበት፤

የእንሳሮ ወረዳ ዋና ከተማ ለሚ በ2017 ዓ.ም. መስከረም ወር ከተመረቀው የሲሚንቶ ፋብሪካ ወዲህ ነገርን ሁሉ በኩንታል መመዘን የለመደች በመሆኗ፣ ጥቂት ግራም ብቻ ለሚመዝን ነገርም ሕግ ማውጣት አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፤ ስሙን እንዲወስን የተሠየመው ኮሚቴ ስብሰባውን ባልጨረሰለት አካል የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ አዋጅ «ሄሊኮፕተር» ማለት በአየር ላይ ረጅም ጊዜ በመቆየት ለሚደረግ ውድድር ተማሪ በእጁ ሠርቶ የሚያስነሣት፣ ከላይና ከታች ሁለት ሮተር ማለትም ተሽከርካሪ ክንፍ ያላት በራሪ ናት። «ሞተር» ማለት ከላይኛው ሮተር መንጠቆ እስከ ዘንጉ የታችኛው ጫፍ የተወጠረ ላስቲክ ሲሆን፣ ነዳጅ ስለማይጠጣ በማናቸውም ኩፖን አይስተናገድም።

አንቀጽ 2። የተጠመዘዘው ላስቲክ የላይኛውን ሮተር ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያዞር በዚያው መጠን ዘንጉን ወደ ተቃራኒው ስለሚገፋው፣ ከዘንጉ ጋር የታሰረ ሁለተኛ ሮተር ከሌለ ጉልበቱ በዘንጉ ከንቱ ዙረት ይባክናል። ስለዚህ ሁለቱ ሮተሮች በተቃራኒ አቅጣጫ እየዞሩ ሁለቱም ወደ ላይ እንዲያነሡ፣ የአንዱ ክንፍ ዝንባሌ ለሌላው ተቃራኒ ሆኖ ይቀረጻል። ሁለት ባለሥልጣናት በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሠሩ ሥራው ከፍ ያለበት ምሳሌ በማናቸውም መዝገብ ስላልተገኘ፣ ይህ አንቀጽ ለሮተር እንጂ ለጽሕፈት ቤት አይጠቀስም።

አንቀጽ 3። ላስቲክ ሲለቀቅ መጀመሪያ በኃይል ይወረወራል፣ ቀጥሎ ለረዘመ ጊዜ በተመጣጠነ ጉልበት ያዞራል፣ በመጨረሻም ይደክማል። ይህን አካሄድ በመመሪያ ለማስተካከል ሐሳብ ቀርቦ የነበረ ቢሆንም፣ ላስቲክ መመሪያ እንደማያነብ ስለተረጋገጠ ተማሪው ራሱ ዘዴ እንዲፈልግ ተወስኗል። ዘዴውም ላስቲኩን ከርዝመቱ ብዙ እጥፍ ስቦ እየጠመዘዙ ቀስ በቀስ መቅረብ፣ ሊበጠስ ሲቃረብም የመጀመሪያው ግፊት ሄሊኮፕተሯን ከጣሪያ እንዳያጋጫት ጥቂት ዙር መልሶ መፍታት ነው። ወፍራም ላስቲክ ፈጥኖ ያነሣል፣ ነገር ግን ብዙ ዙር አይችልም፤ ቀጭንና ረጅም የሆነው ብዙ ዙር ይይዛል፣ ነገር ግን ክብደቷን ማንሣት ሊያቅተው ይችላል፤ የውድድሩም ዕውቀት ከሞላ ጎደል በዚህ ምርጫ ውስጥ ያለ ስለሆነ በዕጣ አይወሰንም። ከመኪና ካላማዳሪ የተቆረጠ ጎማ ግን፣ አየር እንዳያስወጣ ተብሎ የሚሠራበት ቡቲል የተቀበለውን ጉልበት በሚገባ የማይመልስ ስለሆነ፣ በነፃ ቢገኝም ተከልክሏል። ላስቲኩ እርስ በርሱ እንዳይፋጭ ግሊሰሪን ይቀባል፤ ቅቤ መቀባት ግን ላስቲክንም ሆነ ዳኛን የሚያበላሽ ስለሆነ በሁለቱም ላይ ያስቀጣል።

አንቀጽ 4። በውጭ አገር ተወዳዳሪዎች የሚጠቀሙበት ባልሳ የተባለው እጅግ ቀላል እንጨት እስኪገኝ ድረስ፣ ከጀማ ቆላ የሚመጣ የማሽላ አገዳ፣ ስንደዶና በስሱ የተሰነጠቀ ሸምበቆ በዘንግነትና በክንፍ አጥንትነት እንዲያገለግሉ፣ ስስ ፌስታልም ክንፍ እንዲያለብስ ተፈቅዷል።

አንቀጽ 5። ለሚ በጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች፣ ከገደሉ ሽቅብ የሚነሣው ነፋስ ለአሞራ እንጂ ለተወዳዳሪ ስላልተፈቀደ፣ በረራው በአዳራሽ ውስጥ በሩ ተዘግቶ ይካሄዳል። በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ የደጋ ተማሪ ሮተሩን ማስፋት ወይም ፈጥኖ እንዲዞር ማድረግ ይኖርበታል፤ አየሩ እንዲወፍርለት ማመልከቻ የሚያቀርብም ቢሆን ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ አያይዞ ወረፋውን ይጠብቃል።

አንቀጽ 6። የክብር እንግዳው የመክፈቻ ንግግር የዕለቱ ረጅሙ በረራ ከወሰደው ጊዜ አይበልጥም፤ እ.ኤ.አ. በ1903 የመጀመሪያው የራይት ወንድማማቾች በረራ 12 ሰከንድ ብቻ ወስዶ በታሪክ ስለተመዘገበ፣ ጊዜ አነሰኝ የሚል አቤቱታ ተቀባይነት የለውም። ለባነር የሚወጣው ገንዘብ ለላስቲክ ከሚወጣው አይበልጥም። የሚቆረጠው ሪባን ሲሳብ የሚለጠጥ ሆኖ ከተገኘ ለተማሪዎች ይሰጣል።

አንቀጽ 7። የመሸጋገሪያ ድንጋጌ። ይህ አዋጅ ከመጽናቱ በፊት የተጠመዘዘ ላስቲክ እንደ ተጠመዘዘ ይቆያል፤ ሆኖም ተጠምዝዞ የሚውል ላስቲክ ጉልበቱን እያጣ ስለሚሄድ፣ ባለቤቱ የአዋጁን መታተም ሳይጠብቅ ሊለቀው ይችላል።