ዓይን ያወጣ አላይመንት

ጎረቤቴ የጋራዥ ደጃፍ ከረገጠ ሦስት ዓመቱ ነው። ያኔ አንድ ጋራዥ ደህናውን ዕቃ አውጥቶ ያረጀ ገጠመለትና፣ «ከእንግዲህ የመኪናዬን ሆድ ከእኔ በቀር የሚያየው የለም» ብሎ ማለ። መሐላውን ጠብቋል። ሀዋሳ ፒያሳ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለው ግቢያችን ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዥ ይሆናል። የጉልቻው ድንጋይ የክሪክ ረዳት፣ የልብስ ማስጫው ገመድ ደግሞ የአላይመንት መሣሪያ ሆነው ተሹመዋል።

እኔ ተቃዋሚ አይደለሁም፤ ይህም ጽሑፍ የምስጋና ነው። ለመሆኑ ሙያው ለፒያሳ ልጅ መች ባዕድ ሆኖ ያውቃል? ሀዋሳ የተቆረቆረችው ጣልያን ከአገር ከወጣ ሃያ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከተማዋ ጣልያንን ሳታይ ሰፈራችን ፒያሳ ተባለ፤ ክሪኩን፣ ዳዶውን፣ ካቻቪቴውን፣ ቸርኬውንና ጎሚስታውንም እንዲሁ በስም ወረስን። ስሙን የወረሰ ሙያው ምን ያቅተዋል?

ባለፈው ቅዳሜ ተራው የመሪ ነበር። የጎረቤቴ ነጭ ቪትዝ መሪዋ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበርና ታይሮዱ፣ ማለትም የመሪውን ትእዛዝ ለጎማው የሚያደርሰው ዘንግ ጫፍ፣ ማለቁ ታወቀ። እንዴት ታወቀ? ጎረቤቴ ጎማውን በእግሩ መታ አደረገና ራሱን ነቀነቀ። አሮጌው አልወጣ ሲል መዶሻ መጣ፤ መዶሻው አልሆን ሲል ትልቁ መዶሻ መጣ። አዲሱ ከገባ በኋላ ደግሞ ዳዶው እንዳይፈታ የሚሰካው ሽቦ ሣር ውስጥ ገብቶ ጠፋ። በቦታው ሚስማር ተሰክቶ በፒንሳ ተጠመዘዘ።

«ሚስማር ብረት አይደል እንዴ፣ ወንድሜ?» አለኝ። ብረት መሆኑን መካድ አልቻልኩም።

ከዚያ አላይመንት ተጀመረ። ባለማሽኖቹ ሦስት ነገር ይለካሉ። የጎማው አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉን ካምበር ይሉታል፤ ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት ምሰሶ ወደ ኋላ መጋደሙን ካስተር፣ የሁለቱ ጎማዎች አፍንጫ መቀራረብና መራራቁን ደግሞ ቶ። የኛ ግቢ ሦስቱን ጠቅልሎ አንድ ጥያቄ አድርጓቸዋል፦ «ቀጥ ብሏል?»

ጎረቤቴ መኪናዋ ፊት ቁጢጥ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ባለቤቱ ቡና እየቆላች «ግራው ወደ ውጭ ያያል» አለች። ልጁ «ቀኙ ነው» አለ። መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ደግሞ የውስጠኛው ጎማ ከውጪኛው የበለጠ ታጥፎ ተገኘና ሌላ ጉድለት ተመዘገበ። የውስጠኛው ጎማ ጠባቡን ክብ ስለሚዞር ይበልጥ መታጠፍ አለበት፤ አከርማን የሚባል ሰው ይህንን ስሌት ለንደን ላይ ለፈረስ ሠረገላ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1818 ነው። ግን አከርማን የኛን ቡና ስላልጠጣ ድምፅ የለውም። በረካው ሲወርድ ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ወሰነ፦ «ግማሽ ዙር ጨምርበት!»

ውሳኔው በገመድ ተረጋገጠ። በክር መለካት በራሱ ነውር የለውም፤ የመኪና ውድድር መካኒኮችም ክር ይወጥራሉ። እነርሱ ግን ወለሉን አስተካክለው፣ የጎማውን አየር እኩል ሞልተው፣ በሚሊሜትር ያነባሉ። የኛ ገመድ አንድ ጫፉ አቮካዶ ዛፍ ላይ ታስሯል፤ መሐሉ ላይ ደግሞ የልጅ ካልሲ ተሰቅሎበታል። ገመዱ ጎበጥ ያለው በካልሲው ክብደት ይሁን በጎማው ጥፋት አልተጣራም።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የእንዲህ ያለች ትንሽ መኪና ጎማ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጎማው አንድ ዲግሪ ቢጣመም በፊትና በኋላ ጠርዙ መካከል የሚታየው ልዩነት 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ አንድ ዓይኑን ለጨፈነ ሰው ኢምንት ነው። ጎማው ግን በየኪሎ ሜትሩ 17 ሜትር ያህል በጎኑ ይፋቃል። ከሀዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ደርሶ መልስ ሲሆን ከ9 ኪሎ ሜትር በላይ በጎኑ ተጎትቶ ገባ ማለት ነው። የአላይመንት ሒሳብ ተረፈ፤ ሁለት ጎማ ሄደ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴትዮ መኪና ቢኖራት ግቢያችን ነበር የምታሠራው።

ሙከራው ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ ተደረገ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ስትሄድ መሪው መሐል ያለው የቶዮታ ምልክት እንደ ሰካራም ባርኔጣ ተንጋዷል። መፍትሔው አልጠፋም፦ መሪውን ነቅሎ፣ ቀጥ አድርጎ መልሶ መትከል! መሪው ሆድ ውስጥ ኤርባግ ከነፈንጂው መተኛቱ ማንንም አላስጨነቀም። ጎማው ባይስተካከልም መሪው ተስተካከለ። ዘዴው ደግሞ ለመኪና ብቻ አይደለም፤ ሥራው ተጣምሞ ሪፖርቱ ቀጥ ያለበትን ቢሮ የማያውቅ ማን አለ?

አሁን ሽሙጡን ላቁም። በ2016 መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ያለችንን አሮጌ መኪና ማስታመም ግድ ሆኗል፤ ጋራዥ መጠራጠርም ምክንያት አለው። እጁ የሚችል ሰው ታይሮዱን ቤቱ ይቀይር። አሮጌውን ሲፈታ የጥርሱን ዙር ይቁጠር፣ ዳዶውን በልኩ ያጥብቅ፣ አዲስ ሽቦ ይስካ፤ ከዚያም ቀስ ብሎ እየነዳ አላይመንት ማሽን ወዳለበት ይሂድ። ባለማሽኑን ካላመነ ከሥራው በፊትና በኋላ ያለውን ንባብ በወረቀት ይጠይቅ። ሞተር ሲበላሽ መኪና ይቆማል። ታይሮድ ሲወልቅ ግን መኪናው አይቆምም፤ መታዘዙን ብቻ ነው የሚያቆመው። አጠገቡ ሰው ጭኖ የሚሄደው ባጃጅ ደግሞ በጉባኤያችን ላይ አልነበረም።

ያ ሚስማር ዛሬም እዚያው ነው። ፒያሳ ላይ ነጭ ቪትዝ ወደ እናንተ ስትመጣ ብታዩ መንገድ ልቀቁላት። መሪዋ ቀጥ ብሎ ይታያችኋል፤ እንዳትታለሉ።