ወፍጮ ቤት የለመደ መንገደኛ

የእኛ አገር ሰው በአየር መሄድ የጀመረው አውሮፕላን ሳያይ ነው። ከሞጣ ማዶ ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ በጣሊያን ጊዜ ወገቡ ከተቆረጠ በኋላ፣ መንገደኛው ለብዙ ዘመን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ በቆሙ ጉልበተኞች እየተጎተተ ይሻገር ነበር። የመቀመጫ ቁጥር አልነበረውም እንጂ ቀበቶስ ነበረው። ስለዚህ ለፋሲካ ልጄን ይዤ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአውሮፕላን ልሄድ ነው ስል፣ የቢቸና ጎረቤቶቼን በረራው አላስደነቃቸውም። ያሳሰባቸው ልጁ ነው።

የስምንት ዓመት ልጅ ነው፤ ኦቲዝም አለው። ድንገተኛ ነገር ያውከዋል፤ ይሆናል የተባለው ሳይሆን ሲቀር ደግሞ ይብስበታል። መናኸሪያ ስንሄድ ረዳቱ «ሞልቷል፣ አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ሲጣራ፣ እሱ ወንበሮቹን ቆጥሮ ስድስት ባዶ መኖሩን ለሕዝብ ያሳውቃል። በዚህ የተነሣ ከረዳቶች ጋር ብዙም አንዋደድም። በአባቶች ወግ የፈረስ ስም አውጥቼለታለሁ፤ «አባ ልክ» ነው።

ስለ ኦቲዝም ብዙው ኢትዮጵያዊ የሰማው ከወ/ሮ ዘሚ የኑስ አንደበት ነው። ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ፣ በፈረንጆቹ 2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉም ድረስ ልጆችን ከጓዳ ሲያስወጡ ኖሩ። ከአዲስ አበባ እስከ ቢቸና ግን ነገር ቀስ እያለ ነው የሚደርሰው። እኛ ዘንድ ምርመራው በነጻ ነው፤ ገበያ መሐል የማላውቃት ሴት ቆም ትልና «ቡዳ ነው» ብላ፣ የሚታጠነውን አዝዛልኝ ታልፋለች።

የሠለጠነው ዓለም ኦቲዝም ላለው ልጅ የአውሮፕላን ጉዞም መላ አለው። በቦስተን ሎጋን አየር ማረፊያ በፈረንጆቹ 2011 እንዲህ ያሉ ልጆች ከነቤተሰባቸው የቆመ አውሮፕላን ውስጥ ገብተው፣ ቀበቶ አስረው፣ ሳይበሩ የሚወርዱበት ልምምድ ተጀመረ። የለንደኑ ጋትዊክ ደግሞ በ2016 የሱፍ አበባ ያለበት የአንገት ማንጠልጠያ ማደል ጀመረ፤ ያን ያጠለቀ መንገደኛ ትንሽ ትዕግሥት እንደሚያስፈልገው ሠራተኛው ሳይጠይቅ ያውቃል። ቢቸና ላይ የቆመ አውሮፕላን የለም። ስለዚህ ወፍጮ ቤት ሄድን።

የአገር ውስጡ አውሮፕላን በአብዛኛው ባለ ማራገቢያ ነው፤ ያጓራል። በከተማችን ለዚያ የሚቀርበው የናፍጣ ወፍጮ ነው። መጀመሪያ ከመንገዱ ማዶ ቆምን፤ ሰንበት ብለን አጥሩ ሥር፤ በመጨረሻ ጆሮውን በመሸፈኛ ከድኖ በሩ ላይ። እህል ይዘው ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች ታዘቡን።

«ምን ልታስፈጭ ነው?»

«ምንም። ልጁ ለአውሮፕላን እየተለማመደ ነው።»

«አውሮፕላኑ በጤፍ ነው እንዴ የሚሄደው?»

«በጤፍማ ከሆነ በዛሬ ዋጋ ማን ይሳፈራል!» አለች ሌላዋ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ወንበር ደርድረን በሩን መፈተሻ አደረግነው። ፈታሹ እኔ ነኝ፤ ጫማ አስወልቃለሁ፣ ቀበቶ አስፈታለሁ። አባ ልክ ያለ ምንም ክርክር አለፈ። ያስቸገረችን እናቴ ናት። «መቀነቴን ለማን ብዬ ነው የምፈታው?» አለች። የባሕር ዳሩ አየር ማረፊያ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም እንደሚጠራ ስነግራት ጭራሽ ባሰባት። አባ ኮስትር በላይ የአገሯ ሰው ነው። «በበላይ ቤትማ እኔን ማን ይፈትሸኛል!» ብላ ከነመቀነቷ ገባች። አባ ልክ «ጢጥ!» እያለ ወደ በሩ መለሳት።

የሚሆነውን ሁሉ በተራ በተራ በሥዕል ደብተር ላይ አሰፈርንለት። ትኬቱ 13:20 ይላል። አባ ልክ የግድግዳውን ሰዓት አየና «13 የለም» አለ። የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ በእኛ 7:20 ነው አልኩት። «ታዲያ ለምን 7:20 አይሉም?» ይህን ሳይጠይቅ ቀርቶ አውሮፕላን ያመለጠው አዋቂ ስንት አለ! መልስ ሳጣ ራሱ ፈታው፦ ወር 13ኛ ካለው ሰዓትም ይኖረዋል። ደብተሩ ላይ «በጳጉሜ ሰዓት እንሳፈራለን» ተብሎ ተጻፈ። ሞጣ በአየር ማረፊያዎች ዝርዝር ኦ-ቲ-ኤ የሚል ኮድ እንዳላት ሲሰማ ደግሞ የቢቸናን ጠየቀኝ። ስላጣሁለት ራሱ አወጣላት፤ ምን እንደሆነ ግን ለማንም አይነግርም።

ለእኔ ከባዱ በረራው አልነበረም፤ ዘመድ ነው። አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ለእታለም ደውዬ መመሪያውን አነበብኩላት፦ ጉርሻ ክልክል ነው፤ መሳም እሱ ሲፈቅድ ብቻ፤ ቴሌቪዥንና ጨዋታ አንድ ላይ አይሆንም።

«ሳልስመው ልቀበለው? የቀበሌ ሠራተኛ ነኝ እንዴ?»

«እጅሽን ዘርጊለት። ደብተሩ ላይ እንደዚያ ተሥሏል።»

«ሥዕሉን አስተካክለዋ!»

መንገዱ ሰላም የሆነ ሰሞን በደብረ ወርቅ አድርገን ወጣን። ሚኒባሱ ሞጣ ለቁርስ ሲቆም «ኦ-ቲ-ኤ ደረስን» ብሎ ተሳፋሪውን ግራ አጋባ። ባሕር ዳር አድረን አየር ማረፊያ ስንገባ ግን ልጄን በአዲስ ዓይን አየሁት። ወረፋው መስመር አለው፤ ወንበሩ ቁጥር አለው፤ ባዶውን ወንበር ሞልቷል የሚል ረዳት የለም። አየር ማረፊያን የሠራው የእሱ ዓይነት ሰው መሆን አለበት። ማራገቢያው ሲያጓራ መሸፈኛውን አጠለቀ፤ ጆሮው እንዳይደፈን ማስቲካ እያኘከ «ወፍጮው ይበልጣል» አለኝ። ከኋላችን የነበሩት ጎልማሳ ዓይናቸውን ጨፍነው ዳዊት ይደግሙ ነበር።

እታለም በሩ ላይ እጇን እንደ ዘብ ገትራ ጠበቀችው። ጨበጣት፤ ደብተሩ ላይ ምልክት አደረገ። ምሳ ላይ የቀጣዩን ገጽ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «እሑድ በጳጉሜ ሰዓት እንመለሳለን።» የእታለም ባል ማንኪያውን አስቀመጠ። ገና ሲገባ የሚወጣበትን ሰዓት የሚናገር እንግዳ ቤቱ ደርሶ አያውቅም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ለጥምቀት ከሞጣ መጥቶ እስካሁን ላልተመለሰው አጎታችን እንዲህ ያለ ደብተር ይሠራለት እንደሆነ ጠየቀኝ። አባ ልክ ሰምቶ ኖሮ ገጽ ገለጠና እርሳሱን ይዞ አጎታችን ፊት ቆመ።

«የአንተ ትኬት ስንት ሰዓት ይላል?»

አጎታችን ቡና ይደገመኝ አለ።