ለራይት አድራጊዎቹ የቀረበ ምስጋና

ሞሪሸስ የገባ ወፍ አሳዳጅ በሁለት ነገር ይለያል፦ በሰደርያው ኪሶች ብዛትና ባሕሩን ዘወር ብሎ ባለማየቱ። ሌላው ቱሪስት አሸዋው ላይ ተንጋሎ ፀሐይ ሲሞቅ፣ እርሱ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ፣ ዋጋው ከመኪና የማይተናነስ ሌንስ አንግቶ፣ አስጎብኚውን አስቀድሞ ወደ ብላክ ሪቨር ጎርጅስ ብሔራዊ ፓርክ ይወጣል። ሊቆጥር! ለዚህ ትጋት እስከ ዛሬ ያመሰገነ ባለመኖሩ እኔ ብዕሬን አንሥቻለሁ።

በቅልጥፍናቸው ልጀምር። አስጎብኚው ትንሽ ድምፅ ማጉያ ከኪሱ መዘዝ ያደርግና የወንዱን ዜማ ይለቅቃል። ወፉ ድንበሬን ገፉኝ ብሎ ጎጆውን ጥሎ፣ ላባውን ነፍቶ ከተፍ ይላል። ቅርንጫፉ ላይ ግራ ቀኙን ያያል፤ ባላንጣ የለም። ከታች ተደርድሮ የሚጠብቀው ባይናኩላር ብቻ ነው። «አየኸው?» «አየሁት!» አለቀ። ወፉ የሌለ ጠላቱን ሲፈልግ ይዋል፤ ጌቶች ወደ ሚኒባሳቸው ተመልሰዋል። ወፍ እንደ አገሯ ትጮኻለች የሚባለው ድሮ ነው፤ አሁን እንደ ባትሪው ነው።

ማታ እራት ላይ የስም ጥሪ አለ። የወፎቹ ዝርዝር ይነበባል፣ ያየ እጁን ያወጣል፣ ከስሙ ፊት ራይት ይደረጋል። ጭንቁ ያለው እዚህ ላይ ነው። ድምፁ ብቻ የተሰማ ይቆጠራል? ጅራቱ ብቻ የታየስ? ሮዝማዋ እርግብ ደግሞ ከሁሉም የባሰች ናት። እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ (ዘመኑ ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው) ዱር ውስጥ የቀሩት ዐሥር ገደማ ነበሩ፤ ዛሬ የምትታየው ሰው እያረባ ስለለቀቃት ነው። እግሯ ላይ ባለቀለም ቀለበት አለ፤ እህል ወደሚቀመጥላት ስፍራ እየመጣች ትለቅማለች። እንግዲህ ይህች የዱር ናት ወይስ የቤት? ክርክሩ ከጣፋጩ ምግብ በኋላም ይቀጥላል። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው በቢታንያ ቢኖር ኖሮ፣ አልዓዛር ከመቃብር እንደ ወጣ መታወቂያ ይጠየቅ ነበር።

ቅሬታዬ ግን በጭልፊቷ ጉዳይ ነው። በ1974 የሚታወቁት የሞሪሸስ ጭልፊቶች አራት ነበሩ። አራት! ገበያውን አስቡት እስቲ። ከአራት አንዷን ያየ ሰው በወዳጆቹ መካከል ደረቱን ነፍቶ ዕድሜ ልኩን ይኖራል። ምን ያደርጋል፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ካርል ጆንስ የሚባል የዌልስ ሰው መጥቶ ነገሩን አበላሸው። ከገደል ላይ ጎጆዋ እንቁላሏን እያነሣ በማሽን ፈለፈለ፤ እሷም በምትኩ ሌላ ጣለች። ጫጩት አሳድጎ ለቀቀ፣ ሣጥን ሠርቶ ለጎጆ ሰቀለ፣ ይባስ ብሎ ነጭ አይጥ እያቀረበ ቀለባት። ወፏ በመቶዎች ተቆጠረች፤ ብርቅነቷ ረከሰ። በ2016 ለዚህ ሰው የኢንዲያናፖሊስን ሽልማት ሰጡት፤ በእኔ ፍርድ የተገባው ካሣ መክፈል ነበር። ደግነቱ ቁጥሯ መልሶ በመቀነሱ በ2014 ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ እንደገና ተመድባለች። ተስፋ አንቆርጥም።

ወግ ያላት ወፍ ዶዶ ናት። ሆላንዶች በ1598 ደሴቲቱ ላይ አረፉ፤ ዶዶ ለመጨረሻ ጊዜ ታየች የሚባለው በ1662 ነው። ከመርከብ የወረዱት አይጥና አሳማ እንቁላሏን በሉ፣ ሰውም የበኩሉን አደረገ። ዛሬ ቀለብ አትፈልግ፣ ጎጆ አትፈልግ፤ በአገሪቱ አርማ ላይ ቆማ፣ በፖርት ሉዊስ ገበያ ቲሸርት ላይ ትሸጣለች። ኦክስፎርድ የተቀመጠው ራሷ በ2018 ሲመረመር ከኋላዋ በእርሳስ ጥይት የተመታች ሆና ተገኝታለች። በተኳሹ አንፍረድ፤ ሁሉም በዘመኑ መሣሪያ ነው የሚያነጣጥረው።

ዝርዝሩ ላይ የሌለ ነገር እንደማይታይም ልብ በሉ። የደሴቲቱን ደን ከውጭ የመጣ የዘይቱን ዝርያ እየዋጠው ነው፤ በደህና ይዞታ የቀረው አገር በቀል ደን ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። ያንን አረም ጎንበስ ብሎ ሲነቅል የሚውለው የአገሬው ሠራተኛ ከመንገዱ ዳር ቆሟል። ክንፍ ስለሌለው ራይት አይደረግበትም። እንዲያውም ምስሉ ውስጥ እንዳይገባ ፈንጠር እንዲል ይለመናል።

እኛም ከዚህ ጸጋ አልራቅንም። እነዚሁ ጌቶች ባሕር ተሻግረው ነገሌ ቦረና አጠገብ፣ ሊበን ሜዳ ድረስ ይመጣሉ። እዚያ ሣር ውስጥ የምትሹለከለክ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች፤ ከአፍሪካ ዋና ምድር ወፎች ቀድማ እንዳትጠፋ ተፈርቶላታል። ሜዳው ይታረሳል፣ ቁጥቋጦም ይወርሰዋል። የአገሬ አስጎብኚዎች ሆይ፣ ዋጋ የምትጨምሩት አሁን ነው፤ ብቻ አደራ፣ ሣሩን የሚያድን ሰው ወደዚያ እንዳታስጠጉ።