ማንም ወድዶ የማያነበው ጽሑፍ

በአገራችን በግል ብዕሩ የሚተዳደር ሰው የለም የሚለው አባባል ከዳር እስከ ዳር ተቀባይነት አግኝቶ ኖሯል። ደራሲው ይለዋል፣ አሳታሚው ይለዋል፣ ልጁ ደራሲ ልሁን ያለው አባትማ ደጋግሞ ይለዋል። ለአባባሉ ማስረጃ ያቀረበ ግን የለም። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ የሚመላለስ ማንኛውም ሰው እንደሚያየው፣ ደመወዝ የማይቀበሉ፣ አለቃ የሌላቸው፣ በገዛ ወንበራቸው ተቀምጠው ከጠዋት እስከ ማታ እየጻፉ ልጅ የሚያስተምሩ ጸሐፊዎች አሉ። ራፖር ጸሐፊ ይባላሉ። መጽሐፍ አያስመርቁም፤ ስለ ንባብ ባህል መዳከም በመድረክ ላይ ሲያዝኑም አይታዩም። በጽሑፍ ግን ይኖራሉ። እንግዲህ ጸሐፊ ለምን ይራባል የሚለውን የቆየ ጥያቄ ለጊዜው አቆይተን፣ የማይራበው የትኛው ነው ብለን ብንነሳ የተሻለ ፍሬ እናገኛለን።

የዚህ ጥናት መላምት አጭር ነው። አንድ ጽሑፍ የሚያስገኘው ገንዘብ፣ ጽሑፉን ወድደው ከሚያነቡት ሰዎች ቁጥር ጋር በተቃራኒ አቅጣጫ ይጓዛል። ወድዶ የሚያነበው ሲበዛ ክፍያው ይሳሳል፤ ተገድዶ የሚያነበው ብቻ ሲቀር ክፍያው ይወፍራል፤ ጨርሶ ማንም የማያነበው ከሆነ ደግሞ ቀብድ ይያዛል። መላምቱ ለጆሮ ደስ እንደማይል ይታወቃል። ለጆሮ ደስ የሚለው ሌላው ምክር፣ ማለትም «አንባቢ አብዛ፣ ገንዘቡ ይከተላል» የሚለው፣ እስካሁን ማንን እንዳበላ ግን አልተመዘገበም።

ጥንታዊው ማስረጃ ክታብ ነው። ደብተራው በብራና ላይ ይጽፈዋል፤ ይጠቀለላል፣ በቆዳ ይሰፋል፣ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ አያነበውም፤ ብዙ ጊዜ ግእዝም አያውቅም፤ ሊያነብ ቢሞክር እንኳ ስፌቱን መቅደድ አለበት። ጽሑፉ የታሰበው ለአጋንንት ሲሆን፣ እነሱም ቢሆኑ ወድደው የሚያነቡት አይደለም። የዘመኑ የግል ጸሐፊ በስንት መከራ የሚማረውን የሙያ ዘዴ ሁሉ ይህ ሥራ አስቀድሞ አሟልቶታል። የጽሑፉ ርዝመት ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በባለቤቱ ቁመት ልክ ስለነበር፣ ስለ ገጽና ስለ ቃል ብዛት ክርክር አልነበረም፤ ረጅም ደንበኛ ረጅም ብራና ይፈልጋል፣ አለቀ። ጸሐፊው አስቀድሞ አዘጋጅቶ የስሙን ቦታ ክፍት ይተውና ገዢ ሲመጣ የክርስትና ስሙን ያስገባል፤ ዛሬ ፎርም የምንለው ማለት ነው። በየቤተ መጻሕፍቱ ከሚገኙት ክታቦችም የፊተኛው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም የገባባቸው አሉ። ያገለገለ ጽሑፍ ገበያ እንደነበረው የሚያሳይ ነው። በአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ የዋናውን ገጸ ባሕርይ ስም ፍቆ ለሌላ ሰው መሸጥ የቻለ ደራሲ እስካሁን አልተገኘም።

የክታቡ ሕጋዊ ወራሽ ራፖር ጸሐፊው ነው። አሠራሩን ከቅርብ መመልከት ይገባል። ባለጉዳይዋ ከመቀመጧ ትጀምራለች፤ የምትጀምረውም ከአያቷ ነው። መሬቱ እንዴት እንደተገኘ፣ የባሏ ወንድም በልጅነቱ እንኳ ዓይነ ደረቅ እንደነበረ፣ በሰርጉ ዕለት ምን እንዳለ፣ ጎረቤት ምን እንደታዘበ ትናገራለች። ጸሐፊው ጣቱን ከኮምፒውተሩ ላይ አንሥቶ ያዳምጣል። ለአንድ ልብ ወለድ የሚበቃ ነገር ካለፈ በኋላ፣ «ይቆዩኝ እማማ፣ ስንት ብር ነው የወሰደብዎት? መቼ?» ይላል። ሁለቱ መልሶች ሲገኙ መጻፍ ይጀምራል። ከሳሽ እገሌ፣ ተከሳሽ እገሌ፤ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለው፤ ተከሳሹ ገንዘቡን ከነወለዱ እንዲከፍል ይወሰንልኝ። በመጨረሻም በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት የቀረበው ሁሉ እውነት መሆኑ ይረጋገጣል። ይህችን የማረጋገጫ ዐረፍተ ነገር በልብ ወለድ መጨረሻ ላይ ለመጻፍ የሚደፍር የለም፤ ራፖር ጸሐፊው ግን በቀን ብዙ ጊዜ ይጽፋታል፣ ከባለጉዳዩ በቀር የሚፈርምባትም የለም። የአያቷ ታሪክ፣ የሰርጉ ዕለት፣ ዓይነ ደረቅነቱ ሁሉ ወድቋል። የወደቀው ሰው ወድዶ ሊያነበው የሚችለው ክፍል እንደሆነ አንባቢ ልብ ይበል። የቀረውን የሚያነቡት ዳኛው ናቸው፤ የሚያነቡትም ስለሚከፈላቸው ነው። ጽሑፉ እንደታተመ ማተሚያው ሳይቀዘቅዝ ይከፈላል። ሒሳቡ ሳይዘጋ ወረቀቱ ከጸሐፊው እጅ አይወጣም።

አሁን ደግሞ ሰዎች ወድደው ወደሚያነቡት እንሻገር። አዋጅ ቁጥር 34/1985 የፕሬስ ነፃነትን ካወጀ በኋላ የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች እንደ አሸን ፈሉ። አንባቢም ነበር። አራት ኪሎ አካባቢ ጋዜጣ እየተከራየ፣ በድንጋይና በአጥር ሥር ተቀምጦ የሚነበብበት ልማድ እንዲሁ የመጣ አልነበረም። አንድ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ በርካታ ዓይን ያይበታል። የገንዘቡን መንገድ ስንከታተል ግን ለማተሚያ ቤት አስቀድሞ ይከፈላል፤ ያለበለዚያ መኪናው አይነሣም። ለወረቀት ይከፈላል። አዟሪው ድርሻውን ይወስዳል፤ አከራዩ ከአንድ ቅጂ ደጋግሞ ሳንቲም ይለቅማል። ከተከራዮቹ ብዙዎቹም የሥራ ማስታወቂያውን ገልብጠው ይመልሱታል። ማስታወቂያውን ያወጣው ድርጅት ከፍሏል፣ አንባቢው ለአከራዩ ከፍሏል፣ በሁለቱ ክፍያዎች መካከል በሚገኘው ገጽ ላይ የጻፈው ሰው ብቻ «ሲወጣ እናስብልሃለን» ተብሏል።

«እናስብልሃለን» የሚለው ቃል ኪዳን በጊዜ ብዛት የሚያልፍባቸው ደረጃዎች ስላሉት በዝርዝር መመርመር ይገባዋል። በመጀመሪያው ደረጃ ጸሐፊው «ሰኞ ደውልልኝ» ይባላል። የትኛው ሰኞ እንደሆነ አይገለጽም፤ ጸሐፊውም ጨዋ ስለሆነ አይጠይቅም። ሁለተኛው «ፋይናንስ ጋ ደርሷል» የሚለው ሲሆን፣ ጉዳዩ መንገድ መጀመሩን እንጂ መድረሱን አያመለክትም። ሦስተኛው «ፈራሚው መስክ ወጥተዋል» ነው። ፈራሚዎች መስክ ወጥተው ምን እንደሚሠሩ ራሱን የቻለ ጥናት ይሻል፤ እዚህ የምንመዘግበው ክፍያ በተቃረበ ቁጥር መስኩ እንደሚበዛ ብቻ ነው። አራተኛው ደረጃ ላይ ስልኩ አይነሣም። ከዚያ በኋላ አዲስ ዙር የሚጀምረው «ማኪያቶ እየጠጣን ስለ ቀጣዩ ጽሑፍ እናውራ» በሚል ግብዣ ነው። ማኪያቶው ቢያንስ በጥሬው ይጠጣል። የጸሐፊዎቻችን ገቢ በዓይነት ተሰልቶ ቢሆን ኖሮ በከተማዋ ካሉት ካፌዎች ብዙዎቹ የሥነ ጽሑፍ ደጋፊ ተብለው መሸለም ነበረባቸው።

መላምቱን የሚፈትን የተሻለ ሙከራ ደግሞ አለ፤ ያው ሰው፣ በዚያው ብዕር፣ በዚያው ሳምንት ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ይጽፋል። ለመጽሔት የሚጽፈው ሰው ለአንድ የእርዳታ ድርጅት «አማካሪ» ሆኖ ሲቀርብ፣ ማንም የማያዘጋጅለት የነበረው ስብሰባ ይዘጋጅለታል። ውል አለ፤ የመጀመሪያ ክፍያ አለ፤ አበልም አለ። የሚጽፈው «የስኬት ታሪክ» ነው። ወይዘሮ እገሊት ቀድሞ በቀን አንድ ጊዜ ይበሉ ነበር፤ ሥልጠና ወሰዱ፤ ዛሬ አምስት ዶሮ አላቸው፤ ወደፊት ደግሞ ለማስፋፋት አቅደዋል። ይህ ታሪክ በሪፖርቱ አባሪ ውስጥ ይገባል፣ ሪፖርቱ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይላካል፣ እዚያም መድረሱ ተረጋግጦ ይቀመጣል። ወይዘሮዋም ዶሮዎቹም አያነቡትም። ክፍያው በሥራ ቀን ይሰላል። ስድስት ኪሎ አካባቢ በየምሰሶው የተለጠፉት «ጥናትና ምርምር እናማክራለን» የሚሉ ወረቀቶችም ከዚሁ ምድብ ናቸው፤ ማማከሩ ከርዕስ መረጣ ተነሥቶ ለወላጆች ምስጋና እስከሚቀርብበት ገጽ ይዘልቃል። አንባቢው አንድ መምህር ነው፤ እሱም ተገድዶ። ለዲቪና ለቪዛ የልደት ምስክር ወረቀት የሚተረጉሙት ቤቶች ሥራ የማያጡት በዚሁ ሕግ ነው። በዓለም ላይ የልደት ምስክር ወረቀት ትርጉም እንቅልፍ ቢነሳኝ ላንብበው ያለ ሰው የለም።

ሕጉን ከወዲያኛው ጫፍ የሚያረጋግጠው ለቀብር የሚጻፈው የሕይወት ታሪክ ነው። አድማጩ በመቶ ይቆጠራል፤ ኮፍያውን አውልቆ፣ ቆሞ፣ በጸጥታ ያዳምጣል፤ በአማርኛ እንዲህ ያለ ታዳሚ ያገኘ ሌላ የጽሑፍ ዘርፍ የለም። የሚጻፈው በአንድ ሌሊት ነው። ሟች ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ይወለዳሉ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ይማራሉ፤ ምንም ሆነው ኖረው ቢሆን ሰው አክባሪ፣ ሳቂታና ለተቸገረ ደራሽ ሆነው ያርፋሉ። የጸሐፊው ክፍያ ዜሮ ነው፤ የሚታዘዘውም «አንተ እኮ ለመጻፍ አታንስም» በሚል ነው። ድንኳኑ ይከፈላል፣ አውቶቡሱ ይከፈላል፣ ወንበሩ በቁጥር ተረክቦ በቁጥር ይመለሳል።

ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። የመጀመሪያው ተቃዋሚ ታላላቆቹን ይጠራል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ1958 ጀምሮ ሲነበብ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ኖሯል፤ ታዲያ ያ ሁሉ ወዳጅ ምን ሆነ? መልሱ ቀላል ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ አምባሳደርና ሚኒስትር ነበሩ። በዓሉ ግርማ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ቴአትር ቤት ይመራ ነበር። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ወርቃማ ዘመን በመንግሥት የደመወዝ መዝገብ ላይ በስም ተዘርዝሮ ይገኛል፤ ደራሲው በወር መጨረሻ የሚቀበለው ገንዘብ ደግሞ ማንም ወድዶ ለማያነባቸው ደብዳቤዎችና ቃለ ጉባኤዎች የተከፈለ ነው። መላምቱ እዚህ አልተናጋም፤ ይልቅ መንግሥታዊ ማኅተም አገኘ። የቅጂ መብት አዋጁም፣ ቁጥር 410/1996፣ ደራሲውን በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቀዋል። ከሞተ በኋላ ላለው ጊዜ የሚነሣ ቅሬታ የለም፤ የሚያስቸግረው የፊተኛው ክፍል ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በበኩሉ ሲወጣ፣ መለያ ቁጥር ካለው ባለሙያ ክፍያ ላይ 2 በመቶ፣ ከሌለው ላይ 30 በመቶ ቀንሶ ማስቀረትን ደንግጓል። ክፍያው መስክ ከወጡት ፈራሚ ጋር ላለበት ጸሐፊ ሁለቱም መቶኛ እኩል ናቸው።

ሁለተኛው ተቃዋሚ ወጣት ነው፤ ላፕቶፕ ይዟል። የአዲስ አበባ ገበያ ቢጠብም በኢንተርኔት ለውጭ ደንበኛ በእንግሊዝኛ ጽፎ በዶላር መከፈል ይቻላል ይላል። ትክክል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላማ ይህ ወጣት አንድ ቃል ሳይጨምር ገቢው በብር ሲቆጠር በወራት ውስጥ እጥፍ ሆኖለታል፤ ከደብተራው ወዲህ እንዲህ ያለ የሙያ ዕድገት አልታየም። የሚጽፈውን ግን እንይ። ብዙው የተጻፈው ጎግል አግኝቶ ከላይ እንዲያስቀምጠው ነው፤ አንድ ቃል ስንት ጊዜ መደገም እንዳለበት ደንበኛው ቆጥሮ ይሰጠዋል። አንባቢው መኪና ነው። ሰው ድንገት ቢያነበው እንኳ ሦስተኛው መስመር ላይ ይተወዋል። ከሕጋችን ውጭ የሆነ ነገር ስላልተገኘ ተቃውሞው በማስረጃነት ተመዝግቧል። ሰሞኑን ደግሞ መኪናው የሚያነበውን ራሱ መጻፍ ስለጀመረ ወጣቱ ከመካከል እየወጣ ነው። ራፖር ጸሐፊውን እንዲህ ያለ ስጋት ገና አላገኘውም። ከአያታቸው የሚጀምሩትን እናት እስከ መጨረሻው አዳምጦ «ስንት ብር ነው?» የሚል መኪና ቢመጣም፣ እማማ ጃንጥላ ሥር ለተቀመጠው ሰው መንገራቸውን የሚተዉ አይመስልም።

ሦስተኛው ተቃውሞ እንዲያውም ምክር ነው፤ እንዲህ ከሆነ ደራሲዎቹ ሄደው ለምን አቤቱታ አይጽፉም? የማይጽፉት በኩራት ብቻ አይደለም፤ ችሎታውም የላቸውም። ሕጉ ክስ በአጭሩ እንዲጻፍ ያዝዛል። ደራሲው ግን የገንዘብ ጥያቄን በክረምት ጭጋግ ይጀምራል። በሁለተኛው ገጽ የከሳሽዋን የልጅነት መንደር ያስተዋውቃል፤ ተከሳሹን ክፉ ብቻ አድርጎ ማቅረብ ጥበብ ስላልሆነ የእሱንም የውስጥ ስብራት ያሳያል፤ የተጠየቀውን የገንዘብ መጠን አንባቢው ራሱ እንዲደርስበት ይተወዋል። ዳኛው አንብበው ልባቸው ሊነካ ይችላል፤ ምናልባትም ወድደው ያነበቡት የመጀመሪያው መዝገብ ይሆናል። ካነበቡ በኋላ ክሱ ተሻሽሎ እንዲቀርብ አዝዘው ቀጠሮ ይሰጣሉ። ባለጉዳይዋም ትእዛዙን ይዛ በሩ ላይ ወዳለው ሰው ትሄዳለች፤ እሱም የደራሲውን ስድስት ገጽ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ስንት ብር እንደሆነ ይጠይቃታል። ማሻሻያው አንድ ገጽ ተኩል ይወጣዋል፤ ሒሳቡ ግን እንደ ሁለት ገጽ ይታሰባል።