ቁልቁለት በነፃ፣ አቀበት በላብ

ሳ ካሎብራ በስፔኗ ማዮርካ ደሴት፣ የትራሙንታና ተራሮች ከባሕር በሚጋጠሙበት ገደል ላይ የተዘረጋ መንገድ ነው። በመሐንዲሱ አንቶኒዮ ፓሪየቲ ንድፍ በ1932 እ.ኤ.አ. ተሠራ። «የከረባት ቋጠሮ» በሚባለው ቦታ መንገዱ ዞሮ በራሱ ሥር ያልፋል።

ብስክሌተኛው ጓዙን ከኋላ ጭኖ፣ ጣቱ እስኪደነዝዝ ፍሬን ጨብጦ ይወርዳል። ከታች ባሕርና ጠጠራማ ዳርቻ ይጠብቁታል። መንገዱ ግን እዚያው ያበቃል፤ በብስክሌት መውጫው የወረዱበት ብቻ ነው። ወደ 10 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ በአማካይ 7 በመቶ የሚሆን አቀበት በጠራራ ፀሐይ ይገፋል። የዚህ ሁሉ ስም ዕረፍት ነው፤ ወጪውም ከራስ ኪስ። ወደ ሶየር ወደብ የምትሄድ ጀልባም አለች፤ በእሷ የተመለሰ ግን ጉልበቱ ይተርፍለታል እንጂ ወሬው አያምርለትም።