ማስተርስ ያልጀመረ ማን ቀረ?

ዘንድሮ በሰፈራችን ማስተርስ ያልጀመርን እኔና የግቢው ውሻ ብቻ ቀርተናል። ውሻውንም ቢሆን አላምነውም፤ ቅዳሜ ጠዋት ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም። ፋርማሲ የምትሠራዋ ልጅ ጀምራለች፤ የወረዳው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ጀምሯል። ባለሱቁ እንኳ «ጋሼ፣ የዚህ ሴሚስተር ኮርሳችን ፋይናንስ ነው» እያለ መልሴን አምስት ብር አጉድሎ ሰጥቶኛል።

ከሁሉም የባሰው ግን ቤቴ ውስጥ ያለው ነው። የእህቴ ልጅ እኔ ዘንድ ተቀምጦ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግዥ ክፍል ይሠራል። መስከረም ላይ ቡና እየጠጣን ሳለ ጉሮሮውን ጠረገና «ጋሼ፣ ኤም ቢ ኤ ልጀምር ነው። የግል ዩኒቨርሲቲ፣ ቅዳሜና እሁድ» አለኝ።

«የመጀመሪያውን ጨረስክ?»

«ከተመረቅሁ እኮ ቆየሁ፤ እርስዎም ነበሩ።»

«መመረቅህንማ በግ አርጄ አይቻለሁ፤ ዕዳውን ነው የምልህ!»

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረበት የወጪ መጋራት ገና ከደመወዙ እየተቆረጠ ነው። ዋናው ዲግሪ ከሬጅስትራር አልወጣም፤ በእጁ ያለው ቴምፖ ነው። የአንደኛው ዕዳ ሳያልቅ ሁለተኛውን ፍለጋ! ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኼ ነው።

በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ጣጣ የት ነበር? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፍቶ፣ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ለማየት አገሩ እስከ 1971 ዓ.ም. ጠብቋል። ከዚያ በፊት ሁለተኛ ዲግሪ ያማረው ሰው ሻንጣውን ይዞ ባሕር ይሻገራል። ማስተርስ ያለው ሰው በመሥሪያ ቤታችን ኮሪደር ሲያልፍ ከወንበራችን ብድግ እንል ነበር፤ ዛሬ በዚያ ሕግ ብንኖር ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው አይገኝም። እኔ ከዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተመልሼ፣ ቀን እየሠራሁ ማታ ስድስት ኪሎ እየተመላለስኩ ዲፕሎማዬን ያዝኩ። በዚያችው ዲፕሎማ ጡረታ እስክወጣ መዝገብ ቤት አገለገልኩ፤ አንድ ፋይል ጠፍቶብኝ አያውቅም።

በደርግ ጊዜ የግል ኮሌጅ የሚባል ነገር አይታሰብም። ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን በየፎቁ ፈላ፤ ምድር ቤቱ ካፌ፣ አንደኛ ፎቁ የጥርስ ክሊኒክ፣ ከዚያ በላይ ኮሌጅ። መንግሥትም ነገሩ ስላሳሰበው በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የጥራት ኤጀንሲ አቋቋመ፤ ዛሬ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚባለው እሱ ነው።

«እስቲ የክፍያውን ወረቀት አምጣ» አልኩት። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። የማመልከቻ ቅጽ፣ ለብቻው። መመዝገቢያ፣ በየሴሚስተሩ። ትምህርቱ በክሬዲት ሰዓት እየተቆጠረ። የመመረቂያ ጽሑፍ ማማከሪያ፣ እሱም ለብቻው። ለዘገየ ክፍያ ቅጣት። ከግርጌ በደቃቅ ፊደል፣ ተቋሙ ክፍያውን የማሻሻል መብት አለው ይላል። የተሻሻለ ክፍያ ወደ ታች ሲወርድ ያየ ሰው ካለ ይጥራኝና አብረን እንይ። ጋዋኑ፣ ፎቶው፣ አዳራሹ ድረስ ዘመድ የሚጫንበት ሚኒባስና ሁለተኛው በግ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የሉም።

አሁን ገቢውን እንይ። መንግሥት ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ምሩቅን መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ አድርጓል። ደስ ብሎን ነበር፤ ባለቤቴም ዘይቱን በሊትር ሳይሆን በጀሪካን ልንገዛ ነው ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር። ልጁ ግን ጭማሪውን ሳያሸተው ለዩኒቨርሲቲው ካሸር አስረከበው።

«ስትመረቅ ስንት ይጨመርልሃል?» አልኩት። ዝም አለ። የመንግሥት ደመወዝ የሚሰፈረው በሥራ መደቡ ደረጃ እንጂ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ፎቶ ብዛት አይደለም። ማስተርስ ይዞ እዚያው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እዚያችው ደመወዝ ላይ ይፈርማል። የሚቀየርለት ከፍ ያለ ክፍት መደብ ወጥቶ፣ ተወዳድሮ ካለፈ ነው።

ጋዜጣ አወጣሁና ክፍት የሥራ ማስታወቂያውን አሳየሁት። ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪና 6 ዓመት ልምድ፣ ወይም ሁለተኛ ዲግሪና 4 ዓመት። «ቀንስ» አልኩት። «ሁለት» አለ። «ትምህርቱስ ስንት ዓመት ነው?» «ሁለት።» «እንግዲህ ሁለት ዓመት ከፍለህ ሁለት ዓመት ገዛህ፤ ወንበርህ ላይ ዝም ብለህ ብትቀመጥ በነፃ ይሰጡህ ነበር!»

ልጁ ግን ሞኝ አይደለም፤ በእናቱ ወገን የእኛ ዘር ነው። «ጋሼ፣ እኔ እኮ እየሠራሁ ነው የምማረው። ልምዱም ይቆጠርልኛል፣ ዲግሪውም ይቆጠርልኛል» አለኝ። ቡናዬን አንስቼ ጠጣሁ። ጥሩ መልስ ያለው ልጅ ቤት ውስጥ ማሳደግ አድካሚ ነው።

ቅዳሜና እሁዱን ግን ማን ይቆጥርለታል? ለቅሶ የምደርሰው እኔ፣ ማኅበር የምሄደው እኔ፣ ባንቧ ሲፈነዳ የምጠራው እኔ። እጮኛው በሁለት ሳምንት አንዴ መጥታ ሳሎን ከእኔ ጋር ዜና አይታ ትሄዳለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን ብዬ ስመክረው፣ «ሚድ ኤግዛም ደርሷል» ይለኛል።

አንድ እሁድ ጠረጴዛው ላይ የቡድን ሥራ ትቶ ወጣ። ሽፋኑን አየሁት፤ አምስት ስም ተደርድሯል። ማታ ሲመጣ አንድ በአንድ ጠየቅሁት። አንደኛው የመምሪያ ኃላፊ ነው፤ ክፍል ውስጥ ያየው የለም፣ ስሙ ግን ከላይ ነው። ሁለተኛዋ ወልዳ ተኝታለች፤ እሷንስ ማርያም ትማራት። ሦስተኛው ለመስክ ሥራ ክፍለ አገር ወጥቷል። አራተኛው የሕትመቱን ከፍሏል። «የጻፈውስ?» አልኩ። «እኔ ነኝ፤ አምስተኛው» አለኝ። ስለ አመራር የተጻፈ ጽሑፍ ነበር።

ከዚህ የሚያስቀው ደግሞ አለ። ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ስትወርዱ የመብራት ምሰሶውን ተመልከቱ። ከቤት ኪራይ ማስታወቂያው ጎን የመመረቂያ ጽሑፍ እናማክራለን የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ፕሮፖዛል፣ ዳታ አናሊሲስ፣ ኤስ ፒ ኤስ ኤስ። ከግርጌው ስልክ ቁጥሩ እየተቀደደ እንዲወሰድ ተቆራርጦ ተንጠልጥሏል፤ ከግማሽ በላዩ ተወስዷል። እኔም አንዷን ቀደድኩና ደወልኩ። ድምፁ የሚያምር ወጣት አነሣ። «ምክር ፈልጌ ነበር» አልኩት። «ችግር የለም አባቴ፤ ርዕስ አለዎት ወይስ ከነርዕሱ እንሥራልዎ?» ስልኩን ዘጋሁ። አሁን ደግሞ ቻት ጂፒቲ የሚሉት መጥቶ የዚህንም ልጅ እንጀራ ሊዘጋው ነው አሉ፤ ለማን እንደማዝን ግራ ገብቶኛል።

ፍርድ እንዳይጓደል ጥቅሙንም ልናገር፤ ደስ እያለኝ ግን አይደለም። የግል ዩኒቨርሲቲ ባይኖር ሥራውን መልቀቅ የማይችል ሰው የት ይማራል? በመንግሥቱ በኩል ቦታው ጥቂት፣ ተፎካካሪው ብዙ ነው። መምህሩም ቢሆን ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ ቅዳሜ ያንኑ ትምህርት ይዞ ወደ ግሉ ይሻገራል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለሚያስተምር ሰው ማስተርስ ከረዳት ምሩቅነት ወደ ሌክቸረርነት ያወጣዋል፤ እዚያ ወረቀቱ ራሱ እንጀራ ነው። ሶሺዮሎጂ ተምሮ ግዥ ክፍል ለተመደበ እንደ እኛ ልጅ ላለውም፣ የሚሠራውን ሥራ ስም የሚያውቅበት ዕድል ነው። በቀደም ዕለት ጨረታ ላይ የዋጋ ትንተና እንዴት እንደሚሠራ ሲያስረዳኝ፣ ሳላስበው ጆሮዬን ሰጥቼው ነበር።

ፈተናውንም ወድጄዋለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚይዝ ሁሉ የመንግሥትም የግልም ሳይባል የመውጫ ፈተና ይቀመጣል፤ ከዚያም ማስተርስ ለሚገባው «ጋት» የሚሉት አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና መጣ። በገንዘብ ብቻ የሚገባበት በር ትንሽ ጠበበ። የእኛውም ልጅ ያንን ተፈትኖ ነው የገባው። ይህን ለጎረቤት ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ ለእሱ ግን አልነገርኩትም።

ለምትመዘገቡ ሁሉ አንድ ሽማግሌ የሚላችሁን ስሙ። ፈቃድ የሚሰጠው ለትምህርት ዘርፉና ለካምፓሱ ነው እንጂ ለግቢው በር ቀለም አይደለምና፣ የምትማሩት ዘርፍ በምትማሩበት ካምፓስ ዕውቅና እንዳለው ከባለሥልጣኑ ሳታረጋግጡ አንድ ብር አትክፈሉ። ያለበለዚያ ማስረጃ ይጣራ የተባለ ዕለት ዲግሪውም ደመወዙም አብረው ይሄዳሉ። መሥሪያ ቤታችሁ የትምህርት ወጪ የሚሸፍን ከሆነ ከዕቁብ በፊት እሱን ጠይቁ። ዲግሪው የሥራ መደባችሁን ይቀይር እንደሆነ ከሰው ሀብት ክፍሉ ስሙ፤ ከጓደኛ አትስሙ።

የመጨረሻው ደግሞ ይኼ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን ራሳችሁ የምትጽፉት ከሆነ ተማሩ፤ ውድም ቢሆን ያዋጣል። ከምሰሶ ላይ ቀድዳችሁ የምታስጽፉት ከሆነ ግን ገንዘቡን ለእናታችሁ ላኩላት፤ እሷ ቢያንስ ትመርቃችኋለች።